የማናልበሽ ቅዳሜ በፕራግ

ማናልበሽ ሙለታን ሮቤ ውስጥ የማያውቅ ካለ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ ፈረስ የለውም። ፈረሱ ያነከሰበት፣ በቅሎው መኖ አልበላ ያለችው ሰው ሁሉ "ማናልበሽን ጥሩልኝ" ነው የሚለው። እሷም ረጅም ካፖርቷን ደርባ ትመጣለች፤ መርፌዋን ከማውጣቷ በፊት ግን ባለቤቱን በጥያቄ ታደርቀዋለች። ውሃ የት ጠጣ? ማን ጫነው? ትናንት ምን በላ? ዛሬስ? ሰውዬው "የታመመው ፈረሱ ነው ወይስ እኔ ነኝ?" እስኪል ድረስ አትለቀውም።

ይህን ሙያ የተማረችው ባሕር ማዶ ነው። ትምህርቱን ግን አንዲት ቅዳሜ ለጥቂት ልታሳጣት ነበር። እኔም የማወራችሁ ስለዚያች ቅዳሜ ነው፤ ሌላውን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ጎባ ነው የተወለደችው። አባቷ አቶ ሙለታ ባለጋሪ ነበሩ፤ ከጎባ ሮቤ፣ ከሮቤ ጎባ ሰው ሲያመላልሱ ነው የኖሩት። ልጅቱ ገና ትንሽ ሳለች ዳማ ፈረሳቸው ሆዱ ተነፍቶ መንገድ ላይ ወደቀ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ምክር ሰጠ፤ አንዱ ዘይት አጠጡት አለ፣ አንዱ ጆሮውን ብጡት አለ፤ ፈረሱ ግን ማንንም ሳይሰማ አመሻሽ ላይ ሞተ። ሰው አዝኖ ሲበተን ማናልበሽ እዚያው ቁጢጥ ብላ "ሆዱ ውስጥ ምን ገብቶ ነው?" እያለች ቀረች። እናቷ ወይዘሮ ወለተሥላሴ እጇን ይዘው እየጎተቱ "ይቺ ልጅ መልስ ፍለጋ አገር ጥላ ትሄዳለች" አሉ። እንዳሉትም ሆነ፤ በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታ የእንስሳት ሕክምና ልትማር ቼኮዝሎቫኪያ ሄደች።

የተላከችው ከፕራግ በባቡር ግማሽ ቀን ወደምታስኬድ ትንሽ ከተማ ነው። እዚያ ጥቂት የአገሯ ልጆች አገኘች፤ የሁሉም የበላይ ደግሞ ጓድ ዲማ ነበር። ዲማ የጎሮ ልጅ ነው። የተማሪዎቹ ማኅበር ጸሐፊ እሱ፣ ስብሰባ ጠሪው እሱ፣ "ይህ ልጅ አመለካከቱ አልተስተካከለም" ብሎ ለኤምባሲ የሚናገረውም እሱ። ከማናልበሽ ቢበልጥ በአምስት ዓመት ነው፤ እሷ ግን ስትፈራው "እርስዎ" ነበር የምትለው። እሱም አንድ ቀን እንኳ "ተይ እንጂ" አላላትም።

እንድትፈራው ያደረጋት የሙሉአለም ነገር ነው። ሙሉአለም የጎባ ልጅ፣ የሠፈሯ ልጅ፣ መጽሐፉን ይዞ ጥግ የሚቀመጥ ጭምት ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ተማሪ ቤቱ የሚያቀርበውን ሥጋና ወተት ትቶ ድንችና ዳቦ ብቻ እየበላ ከረመ። ማንንም አላስቸገረም። ጓድ ዲማ ግን ስብሰባ ላይ አነሳው፤ "አብዮቱ ከደሃ አፍ ነጥቆ ያስተማረው ሰው በቄስ ትእዛዝ ይራባል ወይ?" አለ። ነገሩ ከዚያ ወደ ላይ ወጣ፤ ፋሲካ ሳይደርስ ሙሉአለም ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ተሸኘ። ብዙም ሳይቆይ ጎባ ወንድሙ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እየለካ ይሸጣል ተባለ። ያ ጭንቅላት ጨርቅ ሲለካ! እኔን ዛሬም ድረስ ያናድደኛል።

ማናልበሽ ከዚያ ወዲህ እጇን ትጠብቅ ጀመር። ምግብ ቀርቦ ጣቷ ወደ ግንባሯ ሲነሳ ቶሎ ብላ ጸጉሯን ታስተካክላለች። ስትደነግጥ "በስመ አብ" ልትል የከፈተችውን አፏን ትዘጋዋለች። እሷ ከተመለሰች የፈረስ ሐኪም መሆኑ ቀረ ማለት ነው፤ ያን ደግሞ በሕልሟም አትፈልገውም።

እንግዲህ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ፕራግን ሊጎበኙ ሄዱ። ሦስት ነበሩ፤ እሷ፣ ጓድ ዲማና ሸዋዓለም የሚባል የሻሸመኔ ልጅ። ሸዋዓለም ክፋት የለበትም፤ አፉ ግን ክዳን የለውም። ጠዋት ያየውን ማታ ለአገር ምድሩ ሳያወራ እንቅልፍ አይወስደውም። ማናልበሽ ከዲማ ቀጥሎ የምትፈራው እሱን ነው።

ባቡሩ ውስጥ ዲማ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ፕራግ ጥንታዊ ከተማ ናት" አለ። "ቤተ መንግሥቱንም፣ ድልድዩንም፣ ካቴድራሉንም እናያለን። የምናየው እንደ ሕንጻ ጥበብ ነው። ያ ሁሉ የሠራተኛው ሕዝብ ላብ ነው። ማየት ሌላ፣ መሳለም ሌላ። ገብቶናል?"

"ገብቶናል" አሉ ሁለቱም። ዲማ ማናልበሽን ትንሽ ቆየት ብሎ ያያት መሰላት። ምናልባት የሚያየው መስኮቱን ነበር፤ ግን ፈሪ ሰው ሁሉም ነገር ወደሱ የመጣ ይመስለዋል።

ከተማዋ ስትደርስ ፍርሃቷን ረሳችው። ምን ታድርግ፣ ዓይኗ አላስቀመጣትም። ትልቁ አደባባይ ላይ ፈረስ የተቀመጠ ንጉሥ ሐውልት አለ፤ ሸዋዓለም ንጉሡን ሲያይ እሷ ወደ ፈረሱ ሄደች። ዞረችው። አንድ የፊት እግሩን አንስቷል። ልጓሙን አየች፣ ደረቱን አየች፣ አንገቱን አየች።

"ይህን የሠራው ሰው ፈረስ ያውቃል" አለች። "ክብደቱን የት ላይ እንደጣለው እዩት። የባሌ ፈረስ እንዲህ አይሰግርም እንጂ አቋቋሙ ልክ ነው። ምን እያበሉት ነው ግን ደረቱ እንዲህ የሰፋው?"

"ነሐስ ነው እኮ" አለ ሸዋዓለም።

"እሱን አጣሁት? ሞዴል የሆነውን ፈረስ ነው የምልህ።"

ዲማ ሳያስበው ፈገግ አለ፤ ወዲያው መለሰው። የጎሮ ሰው ነውና ፈረስ ሲወራ ዝም ማለት ይከብደዋል።

ከዚያ ወደ አሮጌው ሰዓት ሄዱ። ሰው አንገቱን አቅንቶ ይጠብቃል። ሰዓቱ ሲሞላ ከላይ ሁለት ትንንሽ መስኮቶች ተከፈቱና የእንጨት ሐዋርያት በየተራ ብቅ እያሉ ያልፉ ጀመር፤ በጎን በኩል ደግሞ አንድ አጽም ገመድ እየጎተተ ደወል ይመታል። ማናልበሽ አፏን ከፍታ ቀረች። ማን ያንቀሳቅሳቸዋል? ውስጥ ሰው አለ? ውሃ ነው? ክብደት ነው? አንዱ ሐዋርያ ቁልፍ ይዞ ብቅ ሲል "ጴጥሮስ" አለች።

"ምን አልሽ?" አለ ሸዋዓለም።

"አሠራሩ ነው የገረመኝ" አለችና ምላሷን ነከሰች።  ዲማ ቀና ብሎ አጽሙን ያይ ነበር፤ ይስማ አይስማ አላወቀችም።

ድልድዩ ላይ ደግሞ ግራና ቀኙ የድንጋይ ቅዱሳን ነው። ከከሰል ጢስ ብዛት ጠቁረዋል። እዚህ ላይ አፏን በደንብ ጠበቀች፤ የቅዱሳኑን ስም ትታ ስለ ዳክዬው፣ ስለ ወንዙ፣ ድልድዩ ጎርፍ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ዓሣ የሚያጠምድ ሽማግሌ ጠየቀች። ሽማግሌው መጀመሪያ ተገረመ፣ ቀጥሎ ተደሰተ፣ በመጨረሻ ዓሣውን ረስቶ ያስረዳት ጀመር። ሸዋዓለም ግን እግሩ ዝሏል፣ ቢራ አምሮታል።

"አንዲት ብርጭቆ ብቻ" አለ ዲማን። "ይህም የሠራተኛው ሕዝብ ላብ ነው።"

ዲማ ሳቁን ዋጠና ሰዓቱን አየ። "እሺ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካቴድራሉ ደጃፍ እንገናኛለን። ጓድ ማናልበሽ፣ ከኛ ጋር ትቆያለሽ?"

"እኔ ቀስ እያልኩ ዳገቱን ልውጣ" አለች። ቀስ እያልኩ አለች እንጂ ከዓይናቸው እንደተሰወረች እየሮጠች ወጣች። ብቻዋን መሆኗ እንዴት ደስ እንዳላት! የምትፈራው ሰው አጠገቧ የለም፤ የፈለገችውን ታያለች፤ የፈለገችውን ትጠይቃለች። ከላይ ሆና ዞር ስትል ከተማው በቀይ ጣሪያው እግሯ ሥር ተዘርግቷል። ከዲንሾ ሲወረድ የሮቤ ሜዳ ድንገት ወለል ሲል እንደዚያ ነው ልብ የሚለው።

ካቴድራሉ ከቅርብ ሲያዩት አንገት ያሳምማል። ድንጋዩን እንደ ጥልፍ ሠርተውታል። ጎብኚው ካሜራውን አንጠልጥሎ ይገባል፣ ይወጣል። ማናልበሽም በሩ ጋ ስትደርስ ቀኝ እጇ ተነሳ። አየችውና ኪሷ ውስጥ ከተተችው። "ዛሬስ አታገኘኝም" አለች በልቧ፣ ለዲማ። እጇን በኪሷ እንደቆለፈች ገባች።

ውስጡን ልነግራችሁ አልችልም፤ እሷም ብዙ ጊዜ ሞክራ አቅቷታል። ከፍታው ነው መጀመሪያ ያፈዘዛት፤ ቀጥሎ መስኮቱ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ መስታወት፤ ፀሐይ ሲያልፍበት ቀለሙ ወለሉ ላይ ይፈሳል። ጎባ ያደገችበት ቤተ ክርስቲያን ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ነው፤ እዚህ ሥዕሉን ብርሃን ውስጥ አስገብተውታል። እንዴት አድርገው? መስታወቱን እንዴት አቀለሙት? ጭንቅላቷ በጥያቄ ተሞልቶ ቀለሙን እየተከተለች ሄደች። ወለሉ ላይ ቀዩን ስትረግጥ እግሯ ቀላ፣ ሰማያዊውን ስትረግጥ ሰማያዊ ሆነ። ደስ አላት።

አንዲት መጥረጊያ የያዘች ባልቴት አጠገቧ ቆመች።

"ልጄ፣ ይህ ድንጋይ በረዶ ነው" አለቻት በቼክኛ። "በካልሲ ትታመሚያለሽ።"

ማናልበሽ እግሯን አየች። ክው አለች።

ጫማዋን አውልቃለች። መቼ እንዳወለቀችው አታውቅም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጫማ የሚያወልቀው እግሯ ነው፤ ራሷን አማክሯት አያውቅም። እጇን ስትጠብቅ፣ አፏን ስትጠብቅ፣ እግሯ ጉድ ሠራት። ዙሪያዋን ስታይ ያ ሁሉ ሕዝብ በጫማው ነው የሚመላለሰው። በካልሲ ያለችው እሷ ብቻ ናት። መሳለም ማለት ደግሞ ከዚህ ወዲያ ምን አለ? ሙሉአለም የተመለሰው በድንች ነው።

ሰዓቷን አየች፤ ዘጠኝ ሊሆን ነው። ወደ በሩ ሮጠች። ዲማ ከመድረሱ በፊት ጫማዋን ካጠለቀች ማንም አላየም ማለት ነው።

ጫማዋ ከበሩ ውጭ ግድግዳው ሥር ነበር። ብቻውን ግን አልነበረም። አጠገቡ አንድ የወንድ ጫማ ተቀምጧል፤ ቡናማ፣ የተወለወለ፣ ማሰሪያው ወደ ውስጥ የተከተተ። ቆመችና አየችው። እዚህ አገር ጫማ የሚያወልቅ ማን ነው? ጎንበስ አለች። ይህን ጫማ ታውቀዋለች። ስብሰባ ላይ ዲማን ቀና ብላ ማየት ስለምትፈራ ዓመቱን ሙሉ ስታይ የኖረችው ጫማውን ነው።

"ማናልበሽ" አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ። "ጓድ" የሚለውን ረስቶታል።

ዞረች። ዲማ በካልሲው በሩ ላይ ቆሟል። የቀኝ እግሩ ካልሲ ተቀዶ አውራ ጣቱ ወጥቷል። እሷ የሱን እግር አየች፤ እሱም የሷን አየ።

"ሸዋዓለምን ቢራው ላይ ትቼ አንቺን ፍለጋ ነው የገባሁት" አለ። "መሃል ደርሼ እግሬን ሲበርደኝ ነው ያወቅሁት።"

"እኔም እንዲሁ ነው።"

"ጎሮ መስጊድ ደጃፍ ላይ ከአባቴ ጋር..." ብሎ ጀመረና ተወው። ፊቱ ልክ እንደሷ ነበር፤ ያን የመሰለ ፍርሃት እሱ ፊት ላይ አያለሁ ብላ አታውቅም። ስታየው አሳዘናት፤ ማዘኗም ገረማት።

ወዲያው ከታች የሸዋዓለም ፉጨት ተሰማ። ቢራው አስደስቶታል፤ ደረጃውን እያፏጨ ይወጣል።

"ማል ጎና?" አለ ዲማ በኦሮምኛ፤ ምን እናድርግ ማለቱ ነው። እስከዛሬ ይህን የሚጠይቀው ሌላው ሰው ነበር። ቶሎ ብሎ ጫማውን አነሳ። ማሰሪያውን ሊፈታ ሞከረ፣ ማሰሪያው ተቋጠረበት። ሸዋዓለም ደረሰ።

"ምን ሆናችሁ?" አለ አንዴ የሷን፣ አንዴ የሱን እግር እያየ። "ጫማችሁን ለምን አወለቃችሁ?"

ማናልበሽ ሁሉም ነገር አለቀ አለች በልቧ። ዲማ ግን ቀስ ብሎ ቀና አለ። ጫማውን መልሶ መሬት አስቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ የስብሰባው ድምፅ መጣ።

"ጓድ ሸዋዓለም፣ አንተም አውልቅ።"

"እኔ? ለምን?"

"ይህ የሕዝብ ቅርስ ነው። ወለሉን ስንት መቶ ዓመት የሰው እግር በልቶታል። የወንድም ሕዝብ እንግዶች ነንና ጥንቃቄያችንን ማሳየት አለብን። ለማኅበሩ የወሰንኩት ነው።"

ሸዋዓለም አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ አየ። "ሰዉ ሁሉ በጫማው ነው እኮ።"

"እነሱ ባለቤቶች ናቸው። ባለቤትና እንግዳ አንድ ነው?"

 ሸዋዓለም ግን ነገር ሳያጣራ የሚቀር ልጅ አይደለም፤ ባልቴቷ መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ጋ ብቅ ስትል "እናቴ፣ እውነት እዚህ ጫማ ማውለቅ ግዴታ ነው?" ብሎ ጠየቃት። 

ባልቴቷ የሁለቱን ካልሲ አየች። የዲማን አውራ ጣት አየች።

"ግዴታስ አይደለም" አለች። "ግን ሰዉ ሁሉ እንደነዚህ ልጆች ቢያወልቅልኝ ወገቤ ይድን ነበር።"

ሸዋዓለም "ጥሩ እንግዲህ" አለና ቁጭ ብሎ ጫማውን ፈታ፤ ከነሱ ጫማ ጎን ደረደረውና እየተንቀጠቀጠ ገባ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሸዋዓለም ራሱ ተነስቶ፣ ማኅበሩ ለቅርስ ያሳየውን ጥንቃቄ ለግማሽ ሰዓት ተናገረ፤ ሰው አጨበጨበ። ያ ግን በኋላ ነው።

ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ዲማ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። ማናልበሽም ሳቀች፤ ዕንባዋ እስኪመጣ። ነፍሷ መለስ አለላት፤ ትምህርቷ ተረፈ፣ ፈረሶቿ ተረፉ። ይህን ሰው አንድ ዓመት ሙሉ በከንቱ ስትፈራው እንደኖረች አሰበች። ከዚያ ግን በከንቱ አለመሆኑ ትዝ አላት። ሳቋ ቆመ።

"ሙሉአለምስ?" አለች።

"ምን?"

"ዛሬ ምክንያት ለመፍጠር ዓይንህን እስክትጨፍን ድረስ እንኳ አልፈጀብህም። ለሙሉአለምስ? ድንቹ ለሆዱ ስለሚስማማው ነው ማለት አቅቶህ ነው?" አንተ ስትለው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ደፋር ስለሆነች አይደለም፤ ተናዳ ነበር።

የዲማ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። ቁልቁል ወደ ከተማው ዞረ። ያንን የስብሰባ ድምፁን እንደሚያመጣው ጠብቃ ነበር፤ አላመጣውም።

"ዛሬ ቶሎ የመጣልኝ የራሴ እግር ስላለበት ነው" አለ። "ለሱ አልፈለግሁለትም። መፈለግ እንደሚቻል እንኳ አላሰብኩም።"

"ታዲያ ይህን ትነግረዋለህ?"

"ቢሰማኝ።"

"ይሰማህ አይሰማህ እዚህ ሆነህ በምን ታውቃለህ? ሄደህ ጠይቀው።"

ዲማ በዚያው ወር ከጸሐፊነቱ እንዲያወርዱት ጠየቀ፤ ጤናዬ ነው አለ። ሁለቱም ተምረው የተመለሱት በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ነው። ሮቤ ሲደርሱ የጎሮ መኪና ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቅ ነበር፤ የዲማ እናት ልጃቸውን ካዩ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። ዲማ መኪናውን አየውና ከማናልበሽ ጋር ጎባ ሄደ።

የገበያ ቀን ነበር፤ ሙሉአለም የሚሠራበት የወንድሙ ሱቅ ግጥም ብሏል። ሙሉአለም ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጨርቅ ይለካል። ማናልበሽን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ከኋላዋ ያለውን ሲያይ እጁ ጨርቁ ላይ ቆመ።

"ሙሉአለም" አለ ዲማ፣ "የምነግርህ ነገር አለኝ።"

ሙሉአለም ጨርቁን መለካቱን ቀጠለ። "ሰው እያስተናገድኩ ነው" አለ ቀና ሳይል። "ተራህን ጠብቅ።"

ዲማ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠና ጨርቅ ሊገዙ ከቆሙት ሴቶች ኋላ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ሙሉአለም አልፎት ቀጥላ ያለችውን ጠራ፤ ዲማ እንደገና መጨረሻ ላይ ሄዶ ቆመ። ገበያው ተበትኖ ሱቁ ውስጥ ሰው እስኪያልቅ ድረስ እንደቆመ ጠበቀ።